ካታ በምን ይመዘን? በቴክኒክ ወይስ በቤቱ ወግ

ሁለት የካራቴ ሰልጣኞች ጎን ለጎን ቆመው አንድ መከላከያ ይሠራሉ፤ በመዳፍ ጠርዝ የሚሠራውን ሹቶ ኡኬ። አንዱ እግሮቹን አራርቆ፣ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህሉን የኋላ እግሩ ላይ ጥሎ በኮኩትሱ ዳቺ ቆሟል። ሌላው አጠር ብሎ፣ የፊት እግሩን ተረከዝ ከመሬት አንሥቶ፣ ክብደቱን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ኋላ ሰብስቦ በኔኮ አሺ ዳቺ፣ በድመት አቋቋም ላይ ነው። የተሳሳተው የቱ ነው? ሾቶካንና ሺቶ ሪዩ ሁለት የካራቴ ቤቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሾቶካን፣ ሁለተኛው የሺቶ ሪዩ ልጅ ከሆነ ማንም አልተሳሳተም። አቋቋማቸውን ቢለዋወጡ ግን ምንም ያህል ቢያምርባቸው ሁለቱም ተሳስተዋል።

ድጓ ቤት ያለፈ ሰው ይህ አይከብደውም። ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር የየራሳቸው ዜማ ስላላቸው አዋቂ መምህር «የማን ቤት ነህ?» ሳይል «ዜማው ተበላሸ» አይልም። በካራቴ ሪዩ የሚባለውም ቤት ነው። ክርክሩ የሚነሣው ካታ፣ ማለትም በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራው የመከላከያና የምት ድርድር፣ ሁለት መለኪያ ስላለውና አንዱ በሌላው ቦታ ስለሚገባ ነው። አንደኛው መለኪያ አካሉ ሥራውን ምን ያህል አጥርቶ፣ ምን ያህል በኃይልና በሚዛን እንደሠራ ያያል። ሁለተኛው የተሠራው ነገር ከቤቱ እንደተቀበሉት መሆኑን ይመረምራል። ለውድድር የሚዘጋጅም፣ ለቀበቶ ፈተና የሚቀርብም፣ አንድ ካታ ይዞ ሊያረጅ የሚፈልግም ሁለቱን ይፈልጋቸዋል፤ መጠኑ ግን አንድ አይደለም። የትኛው መቼና በምን ያህል እንደሚያዝ ከዚህ በታች እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የውድድሩ መለኪያ

ቀድሞ በዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ውድድር ዳኞች ቀይ ወይም ሰማያዊ ባንዲራ ያነሡ ነበር። ማን እንዳሸነፈ ይታወቃል፤ በምን እንዳሸነፈ ግን ተወዳዳሪውም አሰልጣኙም በግምት ነበር የሚያወሩት። በ2019 ነጥብ ገባ፤ ካራቴ ኦሊምፒክ በገባበት በቶኪዮም የተሠራው በዚሁ ነው። በቶኪዮው አሠራር ሰባት ዳኞች እያንዳንዳቸው ሁለት ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ አንዱ ለቴክኒክ፣ አንዱ ለአትሌቲክስ ብቃት። ነጥቡ ከ5.0 እስከ 10.0 ሲሆን በ0.2 ይወጣ ይወርድ ነበር። ከየመደቡ ሁለቱ ከፍተኛና ሁለቱ ዝቅተኛ ነጥቦች ይሰረዙና የቀሩት ሦስቱ ይደመሩ ነበር፤ የቴክኒኩ ድምር በ0.7፣ የአትሌቲክሱ በ0.3 ይባዛ ነበር።

በቁጥር እንየው። ለቴክኒክ 9.0፣ 9.2፣ 9.2፣ 9.4፣ 9.4፣ 9.6 እና 9.8 ተሰጠ እንበል። ከዳርና ዳር ሁለት ሁለቱን ስንሰርዝ 9.2፣ 9.4 እና 9.4 ይቀራሉ፤ ድምሩ 28.0፣ በ0.7 ሲባዛ 19.6። ለአትሌቲክሱ የቀሩት 9.4፣ 9.4 እና 9.6 ቢሆኑ ድምሩ 28.4፣ በ0.3 ሲባዛ 8.52 ነው። ጠቅላላው 28.12 ይሆናል። ከዚህ ስሌት አሰልጣኝ የሚወስደው አንድ ነገር አለ፤ የሦስቱም ዳኞች የቴክኒክ ነጥብ አንድ እርከን ከፍ ቢል የተወዳዳሪው ውጤት በ0.42 ያድጋል፣ የአትሌቲክሱ ያው እርከን ግን 0.18 ብቻ ይጨምራል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ያለው ሰው አራቱን ሰዓት ዝላይና ስኳት ላይ ካጠፋ ሒሳቡን ገልብጦታል።

ይህ ማለት ግን 0.18 ትንሽ ነው ማለት አይደለም። በቶኪዮ በሴቶች የፍጻሜ ግጥሚያ ስፔናዊቷ ሳንድራ ሳንቼዝና ጃፓናዊቷ ኪዮ ሺሚዙ ሁለቱም አንድ ካታ፣ ቻታንያራ ኩሻንኩን ሠሩ። ሳንቼዝ 28.06፣ ሺሚዙ 27.88 አገኙ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ልክ 0.18 ነው። ወርቁን የወሰደችው የ39 ዓመት ሴት መሆኗንም ልብ በሉ። በማግስቱ በወንዶች ኦኪናዋዊው ርዮ ኪዩና በኦሃን ዳይ 28.72 አምጥቶ በሱፓሪንፔይ 27.66 ያገኘውን ዳሚያን ኪንቴሮን በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፍ፣ የሠራው የገዛ ቤቱን የሪዩኤይ ሪዩን ካታ ነበር።

የቴክኒኩ መደብ ሰባት ነገር ይዟል፤ አቋቋም፣ ምትና መከላከያ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የመሸጋገሪያ እንቅስቃሴ፣ የጊዜ አጠባበቅ፣ ትክክለኛ አተነፋፈስ፣ ኪሜ የሚባለው በመጨረሻዋ ቅጽበት መላ አካልን አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ፣ እና የቤቱን መሠረታዊ ቅርጽ መጠበቅ። አትሌቲክሱ ሦስት ብቻ ነው፤ ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ሚዛን። ከሰባቱ የመጨረሻው ላይ ቆም በሉ። ስፖርት ነው የሚባለው ደንብ ራሱ ወግን በመደቡ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ቤቱ የሚያስተምረውን ልዩነትም ይፈቅዳል። የማይፈቅደው ቤት አልባ የሆነውን ነው። እግርን መሬት ላይ ማስጮህ፣ ደረትን፣ ክንድን ወይም ልብስን መምታት፣ ያለ ልክ እየጮኹ መተንፈስ ጥፋት ተብለው ተጽፈዋል። ቀበቶ ላልቶ ከዳሌ መውረድ ከጀመረ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ተፈትቶ ከወደቀ ከውድድር ያስወጣል። አዲስ የተገዛ፣ ገና ያልለሰለሰ ቀበቶ ይዞ መቅረብ ስለዚህ ሞኝነት ነው፤ ቋጠሮው አይጨብጥም።

ከቶኪዮ ወዲህ ደንቡ ተነካክቷል። ስለዚህ ለውድድር የምትመዘገቡ ከሆነ የወቅቱን እትም ከፌዴሬሽናችሁ ውሰዱ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተቀረጸ የዳኞች ሥልጠና ቪዲዮ አይበቃም።

የቤቱ መለኪያ

ወግ ሲባል ብዙ ሰው ሺህ ዓመት ይታየዋል። የጀማሪ ካታ የሆኑት አምስቱ ፒናኖች ግን አንኮ ኢቶሱ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች ያዘጋጃቸው ናቸው። ጊቺን ፉናኮሺ ወደ ጃፓን ወስዶ ሄያን አላቸው፤ የአንደኛውንና የሁለተኛውንም ቦታ አቀያየረ። ለዚህ ነው የሾቶካኑ ሄያን ሾዳን በሺቶ ሪዩና በዋዶ ሪዩ ፒናን ኒዳን የሚባለው። የሌሎቹንም ካታዎች ስም ለውጧል፤ ቺንቶ ጋንካኩ፣ ሴይሳን ሃንጌትሱ፣ ዋንሹ ኤንፒ፣ ናይሃንቺ ቴኪ ሆኑ። የጎጁ ሪዩ መሥራች ቾጁን ሚያጊ ደግሞ ጌኪሳይ የሚባሉትን ሁለት ካታዎች በ1940 ለጀማሪዎች ሠራቸው፤ ዕድሜያቸው ከአንዳንድ የቀበቶ ፈታኝ አባት አይበልጥም።

ለውጡ በስም አልቆመም። በቀድሞው ፒናን ሾዳን ውስጥ የፊት ርግጫ የነበረው በሾቶካኑ ሄያን ኒዳን የጎን ርግጫ ሆኗል። ዝቅ ብሎና ተራርቆ መቆምም የኋላ ነገር ነው፤ ፉናኮሺ ራሱ በድሮ ፎቶዎቹ ከፍና አጠር ብሎ ነው የሚታየው። ዝቅታው ብዙውን ጊዜ የሚያያዘው ከልጁ ከዮሺታካ ጋር ነው። ቺንቴ በሚባለው ካታ መጨረሻ ላይ ያሉት ሦስት ወደ ኋላ ዝላዮች ደግሞ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃሉ። ብዙዎች ሰልጣኙ ወደ ተነሣበት ቦታ እንዲመለስ ሲባል የተጨመሩ ናቸው ይላሉ፤ እውነትም ከሌላው የካታው ክፍል ጋር አይመሳሰሉም። ሆኖም የሾቶካን ፈተና ላይ ዝላዮቹን ትቶ የሚጨርስ ሰው ታሪክ አውቃለሁ ብሎ አያልፍም። ቤቱ እስካስተማራቸው ድረስ የቤቱ ናቸው።

ስለዚህ «ትክክለኛው ጥንታዊ ካታ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለመምረጥ አይጠቅምም። የሚጠቅመው «ይህን ከማን ተቀበልኩት፣ እሱስ ከማን?» የሚለው ነው። ፈታኝ የሚያየውም ይህንኑ ነው፤ ቅደም ተከተሉ፣ የእያንዳንዱ አቋቋም ዓይነት፣ የሚጎተተው እጅ የሚያርፍበት ቦታ፣ ኪያይ (ከምት ጋር የሚወጣው ጩኸት) የሚወጣበት ቁጥር፣ ቀስ የሚባልበትና የሚፈጠንበት ስፍራ፣ ዓይን የሚዞርበት ጊዜ። የሚጎተተው እጅ በሾቶካን ዳሌ አጠገብ ያርፋል፤ በጎጁ ሪዩ ከፍ ብሎ ጎድን ላይ ይሆናል። ሁለቱን ያላወቀ ዳኛ የጎጁውን ልጅ «ትከሻውን አንሥቷል» ብሎ ይቀንስበታል። በክለቦች መካከል በሚደረግ ወዳጃዊ ውድድር ላይ ከሁሉ የሚበዛው በደል ይህ ነው፤ ዳኛው ሌላውን ቤት በራሱ ቤት ክንድ ይለካዋል።

ስህተት፣ የቤት ልዩነት፣ ጌጥ

አንድ እንቅስቃሴ ከምታውቁት ሲለይ ከሦስቱ አንዱ ነው። ለመለየት ሠሪውን በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሠሩት። ሦስቱ ከተለያዩ ስህተት ነው፤ አካሉ ገና አልያዘውም። ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ አሰልጣኙን ወይም ከዚያው ቤት የመጣ ሌላ ሰልጣኝ አሠሩ። እሱም እንዲሁ ካደረገ የቤት ልዩነት ነው፤ አትንኩት። ልጁ ብቻ ከሆነ የሚያደርገው ወይ አጥብቆ የያዘው ስህተት ነው፣ ወይ ጌጥ ነው።

ጌጥ የምንለው ከእንቅስቃሴው ሥራ ውጭ የሚጨመረውን ነው። ቀስ የሚባልበትን ቦታ እስከ አምስት ሰከንድ መጎተት፣ ከምት በፊት ጭንቅላትን መወርወር፣ እጅ ካረፈ በኋላ ልብሱ እንዲጮህ ክርንን መንቀል። ለማጣራት ቡንካይ ጠይቁት፤ ማለትም ይህ እጅ ማንን፣ የቱ ጋ፣ ከምን እየተከላከለ እንደሆነ ይናገር። ከዚያ አንድ ሰው ከፊቱ አቁማችሁ በዝግታ አሠሩት። ጌጡ ሰው ሲቆም ራሱ ይረግፋል፣ ቦታ አያገኝም። አንዳንዱ ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ግን እውነተኛ ሥራ አለው። የተያዘ እጅን ማስለቀቅ ወይም ክንድን መጠምዘዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀስ ያለውን ሁሉ ትያትር ነው ማለት ሌላ ስህተት ነው።

የልብስ ድምፅ ነገር ለብቻው ይነገር። ወፍራም ጥጥ፣ ከ12 እስከ 14 አውንስ የሚባለው፣ እጅጌው ሰፋ ካለ ደካማ ቡጢንም ያስጮሃል። ስስ ልብስ የለበሰ ሰው ከእሱ የተሻለ ቢመታም አይሰማለትም። በክለብ ውስጥ ስትመዝኑ አንድ ዙር በካናቴራ አሠሩ፤ ትከሻ መወጠሩና ዳሌ አለመዞሩ ያኔ ይታያል።

አንድ መዞር፣ በቅርብ

ሄያን ሾዳን 21 እንቅስቃሴ አለው። ኪያይ 9ኛውና 17ኛው ላይ ነው። ሦስተኛው የላይ መከላከያ ላይ፣ ቀኝ እግር ከፊት ሆኖ፣ ኪያይ ይወጣና 10ኛው ይመጣል፤ በቀኝ እግር ላይ ተሽከርክሮ በግራ በኩል 270 ዲግሪ መዞርና በግራ እጅ ወደ ታች መጥረግ። የጀማሪን ደረጃ ለማወቅ ሙሉውን ካታ ማየት አያስፈልግም፤ ይህ አንድ መዞር ይበቃል።

በቴክኒክ መለኪያ ሲታይ አራት ቦታ ይበላሻል። መጀመሪያ ጭንቅላት ይዘገያል፤ አካሉ ዞሮ ዓይን በኋላ ይደርሳል፣ ስለዚህ እግሩ የሚያርፍበትን ሳያይ ያርፋል። ሁለተኛ፣ የቆመው የቀኝ ጉልበት ይዘረጋና ቁመት ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል፤ ከጎን በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ የቀበቶው መስመር ማዕበል ይሠራል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበዛው ስፋት ማጣት ነው። ዘንኩትሱ ዳቺ፣ የፊት ጉልበት የሚታጠፍበት ረጅም አቋቋም፣ በርዝመቱ የትከሻ ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል፣ በወርዱ አንድ የትከሻ ወይም የዳሌ ስፋት ይፈልጋል። የዞረው ግራ እግር ግን ከቀኙ ጋር በአንድ መስመር ላይ ያርፋል፣ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው። ያኔ ዳሌ መዞር አይችልም፣ አካል ይወዛወዛል፣ ሰልጣኙም እግሩን ካሳረፈ በኋላ ሰርቆ ያስተካክላል። ያቺ የተሰረቀች ግማሽ እርምጃ በዳኛ ዓይን ሁለት ጥፋት ናት፤ አቋቋምም ሽግግርም። አራተኛው፣ እጅ እግርን አይጠብቅም፤ መጥረጉ ያልቅና እግር ከኋላ ይደርሳል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወለል ላይ በፕላስተር መስመር አስምሩና ቀኝ እግር ከቆመበት መስመር አንድ የትከሻ ስፋት ርቆ ሌላ ምልክት አድርጉ። ያለ እጅ፣ እግር ብቻ፣ ሃያ ጊዜ ይዙር፤ ምልክቱ ላይ ያላረፈ አይቆጠርም። ከዚያ እጁን ጨምሩ። ካረፈ በኋላ የፊት ቅልጥም ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ የኋላ ተረከዝ መሬት መንካቱን እዩ። የፊት እግሩን ሳይንገጫገጭ ማንሣት ከቻለ ሚዛኑ ቦታው ላይ ነው።

በቤቱ መለኪያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚታየው። የሚጠርገው እጅ ከመነሣቱ በፊት ወደ ተቃራኒው ጆሮ ሄዷል ወይ? ሲያርፍ ደረቱ ሰያፍ ሆኗል ወይ፣ ቀጥሎ ባለው ቡጢ ደግሞ ፊት ለፊት ዞሯል ወይ? የሾቶካን ልጅ ይህን ሰያፍ ካጣ ቴክኒኩ ጠንካራ ቢሆንም ቤቱን ስቷል። ያንኑ መዞር በፒናን ኒዳን የሚሠራ የዋዶ ልጅ ግን አጠር ባለ አቋቋም ቢያርፍ «አልወረድክም» አይባልም።

ሾቶካን ውስጥ ሰልጣኙ ወደ ተነሣበት ቦታ መመለስ አለበት፤ የሚሄድበት መስመር ኤንቡሴን ይባላል። የተነሣበትን በመስቀል ምልክት አድርጉ። ሲጨርስ ከአንድ እግር ርዝመት በላይ ከራቀ፣ ወደ ፊት የሄዱት ሦስቱ እርምጃዎችና የተመለሱት ሦስቱ እኩል አልነበሩም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥሩት የመመለሻዎቹ ቡጢዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ያኔ ትንፋሽ ማለቅ ይጀምራል።

ስትቀርጹ ስልኩን በዳሌ ቁመት፣ አራት ወይም አምስት ሜትር ርቃችሁ አስቀምጡ። ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ አቋቋም ሁልጊዜ ከእውነቱ ዝቅ ያለ ይመስላል። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን። ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ ሦስት ጊዜ እዩት፤ አንዴ እግር ብቻ፣ አንዴ ቀበቶ ብቻ፣ አንዴ እጅና ዓይን። ሁሉን ባንድ ጊዜ ያየ ምንም አላየም።

የትኛውን ካታ ልያዝ?

በሾቶካን ቡናማ ቀበቶ ላይ የደረሰ ሰው ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በባሳይ ዳይ፣ በካንኩ ዳይ፣ በጂዮን፣ በኤንፒና በሃንጌትሱ መካከል ነው። እኛ ለብዙው ሰው መጀመሪያ ጂዮንን እንመክራለን። 47 እንቅስቃሴ አለው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በመሠረታዊ ልምምድ የታወቀ ነው፤ መደበቂያ የለውም። እሱ ላይ የሚታይ ደካማ ዘንኩትሱ ሌላም ካታ ላይ ይከተላችኋል። ባሳይ ዳይ 42 ነው፣ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያልቃል፤ ዳሌው የሚዞርለትና ጠንከር ያለ ሰው ያምርበታል። ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነው፤ ተወርውሮ እግር ቆልፎ ሲቆም ብዙ ሰው ወደ ፊት ይወድቃል፣ ዳኛውም የመጀመሪያ ግምቱን እዚያው ይይዛል። ካንኩ ዳይ 65 እንቅስቃሴና አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈልጋል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የመጨረሻው ዝላይ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ሙሉውን ሁለት ጊዜ ያለ እረፍት ሠርቶ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙ የማይወርድለት ሰው ይያዘው። ኤንፒ 37 ብቻ ነው፤ ለቀላልና ፈጣን አካል ነው፣ መውጣትና መውረዱ ያልተሳካለት ላይ ግን መንጎራደድ ይመስላል። ሃንጌትሱ ጉልበት ወደ ውስጥ የሚጫንበት አቋቋም ስላለው የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው አይጀምረው።

ኡንሱ የሚባለውን ካታ በቪዲዮ አይቶ ያልወደደ የለም። በአየር ላይ ዞሮ በእጅና በእግር መሬት ላይ የሚወርድበት ዝላይ አለው። እሱን አጥርቶ የማያርፍ ሰው ግን በአትሌቲክሱ የሚያገኘውን በቴክኒኩ እጥፍ ይከፍላል፤ ከላይ ያለውን 0.42 እና 0.18 አስታውሱ።

ጎጁ ሪዩ ውስጥ ምርጫው ሌላ ነው። ሳይፋ አጭር ነው፣ በአንድ እግር መቆም ስላለው ሚዛንን ያጋልጣል። ሴይዩንቺን ርግጫ የለውም፤ ዝቅ ብሎ መቆም እንጂ ዝላይ የማያስፈልገው በመሆኑ ዕድሜው ለገፋ ወይም ዳሌው ለደረቀ ሰው ከሁሉ የሚሻል ምርጫ ነው። ሱፓሪንፔይ ማለት 108 ማለት ነው፤ ረጅም ስለሆነ ብቻ ውድድር ላይ ማምጣት ዳኛ አያስገርምም። ሳንቺን ግን በውድድር መለኪያ ፈጽሞ አይለካም ብንል ይቀላል። ከቆመበት ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ሥራው ትንፋሽና የአካል ውጥረት ነው። አቋቋሙ የኋላው እግር ጣቶች ከፊተኛው ተረከዝ ጋር በአንድ መስመር፣ ሁለቱም ጣቶች ትንሽ ወደ ውስጥ ዞረው ነው። የሚበላሸው ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ሲታፈን ነው፤ ፊት ይቀላል፣ የአንገት ሥር ይገተራል። የደም ግፊት ያለበት ሰው እንዲህ ካደረገ ይጎዳል፤ ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ መምጣቱን ያረጋገጠ መምህር ከሌለ ብቻውን አይሥራው።

ሁለት ቤት የቀላቀለ ተወዳዳሪም አለ፤ የሾቶካን ልጅ ሆኖ ለፍጻሜ የሺቶ ሪዩን ካታ የሚያመጣ። ደንቡ አይከለክለውም፤ ከፌዴሬሽኑ 102 ካታዎች ዝርዝር ውስጥ እስካለ ድረስ። ሲደረግ ግን በተውሶ አቋቋም ሳይሆን በካታው ቤት አቋቋም ይሠራ። ቻታንያራ ኩሻንኩን በካንኩ ዳይ እግር መሥራት በሁለቱም መለኪያ ያስቀንሳል። አዲስ ቤት አቋቋም አካል ውስጥ እስኪገባ ቢያንስ ስድስት ወር ስጡት። በቶኪዮው አሠራር ፍጻሜ የደረሰ ሰው አራት የተለያዩ ካታዎችን ማቅረብ ነበረበት፤ አንዱ ተውሶ ቢሆን ሦስቱ ከቤት ይሁኑ።

አሰልጣኝ ስትመርጡ

የግድግዳውን ዋንጫና የምስክር ወረቀት ተዉት። አንድ ሄያን ወይም ፒናን አሠሩና ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ይህ የማን ቤት አሠራር ነው? ይህ እጅ ምን ይሠራል? ሌላው ቤት ይህን ቦታ እንዴት ይሠራዋል? ሦስተኛውን የሚመልስ መምህር ብርቅ ነው፣ ካገኛችሁት አትልቀቁት። «የእኛ ብቻ ነው ትክክል» የሚል መምህር ለፈተና ሊያዘጋጃችሁ ይችላል፣ ለዳኝነት ግን አያዘጋጃችሁም። «ዋናው ነጥብ ማምጣቱ ነው» የሚለውም በተቃራኒው። ከቪዲዮ ብቻ የሚማር ሰው ደግሞ ግራና ቀኙን ከማምታታቱ በላይ ከሦስት ቤት የተሰበሰበ ካታ ይዞ ይገኛል፤ ለዚያ ካታ ምስክር የሚሆንለት ቤት የለም።

መሐል ላይ ቢጠፋባችሁ

እዚህ ላይ ሁለቱ መለኪያዎች ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ውድድር ላይ በግልጽ መቆም ከውድድር ያስወጣል፤ ስለዚህ እጅ ቢሳሳትም ዓይን ሳይርገበገብ መቀጠል ይሻላል። የቀበቶ ፈተና ላይ ግን ብዙ ፈታኞች የተሳሳተን እንቅስቃሴ ሸፍኖ ከሚያልፍ ሰው ይልቅ ቆሞ፣ ሰግዶ፣ «እንደገና ልጀምር?» የሚለውን ያከብራሉ፤ ቤታችሁ የትኛውን እንደሚፈልግ ከፈተናው በፊት ጠይቁ። ለሁለቱም የሚያዘጋጀው ልምምድ አንድ ነው። አሰልጣኙ ቁጥር ይጥራ፤ «ከ12!»፤ ሰልጣኙም ሳያስብ 12ኛውን አቋቋም ይዞ ከዚያ ይቀጥል። ሁልጊዜ ከአንድ የሚጀምር ሰው ካታውን የሚያውቀው እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንዷ ቀለበት ስትወልቅ ቀሪው ሁሉ ይጠፋዋል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ 10ኛውንና 18ኛውን ግን ደጋግማችሁ ጥሩ፣ ሁለቱም ከኪያይ በኋላ የሚመጡ መዞሮች ናቸው።